በጠባብ ግቢ የምሰሶ ጉድጓድ ለመቆፈር የትኛው መሣሪያ ይመረጥ?

አጥር ለማጠር፣ የከብት በረት ለመከለል ወይም ለዶሮ ቤት ምሰሶ ለማቆም የሚነሣ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ስለ እንጨቱ፣ ስለ ቆርቆሮውና ስለ ሽቦው ነው። ጉድጓዱን ድጅኖና አካፋ ይዞ የሚመጣ የቀን ሠራተኛ በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ተራ ሥራ አድርጎ ይቆጥረዋል። ዳሩ ግን የአጥር ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው ከመሬት በታች በተቀበረው ክፍል ነው። ከሚገባው በላይ ሰፍቶ የተቆፈረ ጉድጓድ ሲሚንቶ ይበላል፤ ጥልቀቱ ያነሰ ደግሞ ክረምት ሲገባ ምሰሶውን ያዘነብላል።

ሥራው በተለይ የሚከብደው በጠባብ ግቢ ነው። በአንድ ወገን የጎረቤት ግንብ፣ በሌላ ወገን የማድ ቤት ግድግዳ፣ መሐል ላይ የውኃ ቧንቧና የመጸዳጃ ጉድጓድ ባለበት ቦታ ሰፊ ማሳ ላይ የሚሠራ መሣሪያ አይሠራም። በአንድ ሰው የሚያዙ ባለ ቤንዚን መሰርሰሪያዎች በገበያ መገኘታቸው ምርጫውን ቢያሰፋም፣ ብዙ ገዥዎች የሚያመዛዝኑት የሞተሩን ጉልበት ብቻ መሆኑ ላልተገባ ወጪ ይዳርጋቸዋል። በጠባብ ግቢ መሣሪያውን የሚመርጡት የአፈሩ ዓይነት፣ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ክፍት ቦታና የጉድጓዶቹ ብዛት ናቸው። የሞተር ጉልበት የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ጉድጓዱ ምን ያህል ይሁን?

መሣሪያ ከመመረጡ በፊት የሚፈለገው ጉድጓድ መለካት አለበት። በተለምዶ የሚሠራበት ስሌት ከምሰሶው ጠቅላላ ርዝመት ከአንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከመሬት በታች እንዲገባ ነው። 2 ሜትር ተኩል ርዝመት ላለው የባሕር ዛፍ ቋሚ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። የበር መቃንና የማዕዘን ምሰሶዎች ግን ሸክማቸው ስለሚከብድ ከሌሎቹ ጠለቅ ማለት ይገባቸዋል። ስፋቱን በተመለከተ አፈር ተሞልቶ የሚጠቀጠቅ ከሆነ የምሰሶውን ውፍረት ሁለት እጥፍ፣ ኮንክሪት የሚሞላ ከሆነ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ መሆን ይችላል።

ይህ ስሌት በገንዘብ ሲተረጎም ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ምሰሶ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቢቆፈር፣ ምሰሶው ከገባ በኋላ የሚቀረው ክፍት ቦታ 16 ሊትር ተኩል ያህል ነው። ያው ጉድጓድ በአካፋ ተቆፍሮ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ ግን የሚሞላው ቦታ ወደ 82 ሊትር ያድጋል። ለአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 300 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ይገባል ተብሎ ቢታሰብ፣ ለ20 ጠባብ ጉድጓዶች ባለ 50 ኪሎ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ሲበቃ ለ20 ሰፋፊዎቹ 10 ከረጢት ያስፈልጋል። አሸዋውና ጠጠሩም በዚያው ልክ ይጨምራል። ተቆፍሮ የወጣው አፈር የሚከመርበት ቦታ በሌለው ግቢ ደግሞ አራት እጥፍ አፈር ማውጣት ራሱን የቻለ ችግር ነው።

ስለዚህ የመሣሪያው ዋነኛ ጥቅም ጠባብና ቀጥ ያለ ጉድጓድ ማውጣቱ ነው። ፍጥነቱ ከዚያ በኋላ ይታያል።

አፈሩን ማወቅ

በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን የሚነገርለት ጥቁር አፈር፣ እንደየአካባቢው መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው፣ ለምሰሶ አስቸጋሪ ነው። በፎገራና በደንቢያ ሜዳዎች፣ በቢቸና አካባቢ፣ በእነዋሪና በጅሩ የሚኖሩ ሰዎች ጠባዩን ያውቁታል። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በበጋ አፈሩ ከምሰሶው ይሸሻል፤ በክረምት ተመልሶ ይጨምቀዋል። ይህ መላልሶ ሲደርስ አጥሩ ይላላል።

በአካፋ የተቆፈረ ጉድጓድ አብዛኛውን ጊዜ አፉ ሰፍቶ ታቹ ይጠባል። እንዲህ ባለ ጉድጓድ ውስጥ የሚሞላ ኮንክሪት የእንጉዳይ ቅርጽ ይይዛል፤ ያበጠው ጥቁር አፈር ከሥር እየገፋ ወደ ላይ ያነሣዋል። ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ፣ ወይም ታቹ ጥቂት ሰፋ ያለ ጉድጓድ ግን ይህን ግፊት በተሻለ ይቋቋማል። በመሰርሰሪያ የሚወጣ ጉድጓድ በጥቁር አፈር ላይ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ተቆፍሮ የወጣውን ጥቁር አፈር መልሶ ከመሙላት ይልቅ ገረጋንቲ መሙላትና በየ15 ሳንቲ ሜትሩ እየጠቀጠቁ ማጥበቅም የላላ አጥርን ይቀንሳል። በጠጠር የተሞላ ጉድጓድ በሸክላማ አፈር ውስጥ ውኃ ሊያቁር ስለሚችል፣ አናቱ በአፈር ተደፍኖ ውኃው ከምሰሶው እንዲሸሽ ተዳፋት ይደረግለታል።

የመቆፈሪያው ወቅትም ከመሣሪያው ያላነሰ ዋጋ አለው። ጥቁር አፈር በየካቲትና በመጋቢት እንደ ጡብ ይደርቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ከመሣሪያው ጋር ይጣበቃል። ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ አፈሩ ርጥበቱን ሳይለቅና ሳይጣበቅ የሚገኝበት የጥቅምትና የኅዳር ጊዜ ለቁፋሮ የተመቸ ነው። በበጋ መቆፈር ግድ ከሆነ በምልክቱ ላይ አንድ ጋት ያህል ጎድጎድ አድርጎ ማታ ውኃ መሙላትና እስከ ማግስቱ ማሳደር ሥራውን በእጅጉ ያቀልለዋል። ይህ ዘዴ ምንም ወጪ የለውም፤ ሞተር ከመግዛት በፊትም ሊሞከር ይገባል።

በባሕር ዳርና በመራዊ ዙሪያ የሚገኘው ቀይ አፈር ለማንኛውም መሰርሰሪያ ምቹ ነው። የጎንደርና የደሴ ተዳፋት ሠፈሮች ግን የተለዩ ናቸው። ጥቂት እንደተቆፈረ ድንጋይ በሚገኝበት ቦታ የትኛውም መሰርሰሪያ፣ የእጅም ሆነ የሞተር፣ ከድንጋዩ ሲደርስ ይቆማል። ለዚህ ከድጅኖ የተሻለ መሣሪያ አልተገኘም። ድንጋያማነቱን ለማወቅ ጫፉ የሾለ ቀጭን ብረት ምሰሶዎቹ በሚቆሙባቸው ሦስት ወይም አራት ቦታዎች ላይ በመዶሻ እየመቱ መሞከር ይበቃል። ብረቱ ደጋግሞ ከድንጋይ የሚጋጭ ከሆነ ለመሰርሰሪያ የሚወጣው ገንዘብ ቢቆይ ይሻላል።

የእጅ መሣሪያዎች

ድጅኖ በማንኛውም ግቢ መኖር ያለበት መሣሪያ ነው። አፈር ይሰነጥቃል፤ ሥር ይቆርጣል፤ ድንጋይ ይፈነቅላል። ለመቆም የሚበቃ ቦታ ካለ ከግንብ ሥርም ይሠራል። ጉድለቱ አፈር አለማውጣቱ ነው። የላላውን አፈር በእጅና በጣሳ ማውጣት የተለመደ ቢሆንም፣ ክንድ ከሚደርስበት በታች ሲሆን ሠራተኛው አካፋ ለማስገባት ሲል ጉድጓዱን ያሰፋዋል። ከላይ የታየው የሲሚንቶ ብክነት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ይህን ጉድለት የሚሞላው ሁለት ጠባብ አካፋዎች ፊት ለፊት ተጋጥመው እንደ ጉጠት የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት መቆፈሪያ ነው። ተዘግቶ ይወጣል፤ ከውጭ ተከፍቶ ይራገፋል። ከድጅኖ ጋር ሲጣመር ድንጋያማ በሆነ ጠባብ ግቢ ከሁሉም የተሻለው ምርጫ ነው ማለት ይቻላል። ገዥው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር እጀታዎቹ ሲከፈቱ ከጉድጓዱ ጠርዝ ጋር ይጋጫሉ። ስለዚህ ከ80 ሳንቲ ሜትር ገደማ በታች ለመሥራት ያስቸግራል።

ሦስተኛው የእጅ መሰርሰሪያ ነው። እንደ መስቀል ያለ እጀታ፣ ረጅም ዘንግና ጫፉ ላይ የተጠማዘዘ ስለት አለው። በቀይ አፈርና ርጥበት ባለው ጥቁር አፈር በአንድ ሰው ጉልበት ጠባብና ቀጥ ያለ ጉድጓድ ያወጣል። ለሚያጣብቅ አፈር ጎኑ ክፍት የሆነ ስለት ይመረጣል፤ ጎኑ ዝግ የሆነው እንደ ባልዲ ያለ ዓይነት ለአሸዋማ አፈር እንጂ ለዋልካ አይሆንም፤ አፈሩ ውስጡ ተጣብቆ አልራገፍ ይላልና። እጀታው 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሙሉ ዙር ለመዞር ከጉድጓዱ መሐል በየአቅጣጫው 40 ሳንቲ ሜትር፣ ለጣቶች ደግሞ ጥቂት ተጨማሪ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ከጎረቤት ግንብ 25 ሳንቲ ሜትር ርቆ ለሚቆም ምሰሶ ስለዚህ አይዞርም። መፍትሔው ከግንቡ ከፍታ በላይ የሚዞር ረጅም ዘንግ ወይም እየወጣ የሚገባ አጭር እጀታ ማሠራት ነው።

ይህ መሣሪያ የግድ ከመደብር መገዛት የለበትም። ጥሩ ብየዳ ቤት ከውኃ ቧንቧ ብረትና ከአሮጌ ባሌስትራ ሊሠራው ይችላል። ባሌስትራ ለስለት የሚሆን ጠንካራ ብረት ነው። ሲታዘዝ የስለቱ ስፋት ከምሰሶው ውፍረት ጋር መመዛዘኑን፣ ሁለቱ ስለቶች እኩል ወደ ታች የሚያዘነብሉ መሆናቸውንና መሐል ላይ መምሪያ ጫፍ መኖሩን መከታተል ይገባል። መምሪያ ጫፍ የሌለው መሰርሰሪያ ከምልክቱ ይንሸራተታል።

ባለ ሞተር መሰርሰሪያ

በገበያ ኦገር የሚባለው ባለ ቤንዚን መሰርሰሪያ በአንድ ሰው የሚያዘው ዓይነት ብዙውን ጊዜ 50 ሲሲ ገደማ ሞተር አለው። ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው የሚቀያየሩ ስለቶች ይገጠሙለታል። ድንጋይ በሌለበትና ርጥበት ባለው አፈር ድጅኖ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበትን ጉድጓድ በጥቂት ደቂቃዎች ያወጣል። በጠባብ በር ያልፋል፤ በባጃጅም ይጓጓዛል። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

በጠባብ ግቢ ያለው አደጋ ግን ከሰፊ ማሳ የተለየ ነው። ስለቱ ሥር ወይም ድንጋይ ሲይዝ መዞሩ ከታች ይቆምና እጀታው በያዘው ሰው ላይ ይዞራል። ሜዳ ላይ ሠራተኛው ሊገፈተር ይችላል። በግንብ ሥር ግን ጣቶቹና የእጅ አንጓው በእጀታውና በግንቡ መካከል ይቀረቀራሉ። በመሆኑም ከእጀታው ጫፍ ዙሪያ ቢያንስ የአንድ ክንድ ያህል ክፍት ቦታ በሌለበት ሞተር መጠቀም አይመከርም። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ጉቶው በቀረበት መስመር ላይም ሥሩ አስቀድሞ በድጅኖ መቆረጥ አለበት። ሁለት ሰው የሚይዘው ዓይነት ይህን ግፊት ቢያካፍልም ሁለት ሰው የሚቆምበት ቦታ ስለሚፈልግ ለጠባብ ግቢ እምብዛም አይሆንም።

ሲገዛ በቅድሚያ የሚታየው ሞተሩ ተነሥቶ ጋዝ ሳይሰጠው ስለቱ መቆሙ ነው። ያለ ጋዝ የሚዞር ስለት የፍሪሲዮኑን ብልሽት ያሳያልና እንዲህ ያለው መሣሪያ አይገዛም። ማጥፊያው እጅ ከእጀታው ሳይለቅ በአውራ ጣት የሚደረስበት ይሁን። የስለቱ ጥርሶች በብሎን የሚቀየሩ መሆናቸው፣ የዘንጉ ውፍረትም በአካባቢው ከሚሸጡ ተጨማሪ ስለቶች ጋር መግጠሙ ይረጋገጥ። ካንዴላ፣ ካርቡሬተርና የማስነሻ ገመድ የሚጠግን ባለሙያ በቅርብ መኖሩም መጠየቅ አለበት። የሞተር መጋዝ የሚጠግን ሰው ካለ ይህንንም ይሠራዋል፤ የሞተሮቹ አሠራር ተመሳሳይ ነውና።

ብዙ ሻጮች የማያነሡት አንድ ጉዳይ ከፍታ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር በየ1000 ሜትሩ በግምት አንድ አሥረኛ ጉልበቱን ያጣል። ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ በሆነችው ባሕር ዳር አንድ ስድስተኛ ያህሉ፣ 2800 ሜትር ገደማ በሆነችው ደብረ ብርሃን ደግሞ ከሩብ በላይ ይቀንሳል። ካርቡሬተሩ ለከፍታው ካልተስተካከለ ሞተሩ ከሚያስፈልገው በላይ ቤንዚን እየወሰደ ይጨሳል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። ስለዚህ ደጋ ላይ በአነስተኛ ሞተር 30 ሳንቲ ሜትር ስለት ለማዞር ከመታገል 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትሩን መምረጥ ይሻላል።

አብዛኞቹ አነስተኛ ሞተሮች ቤንዚንና የሁለት ምት ሞተር ዘይት ተደባልቆ ይፈልጋሉ። መጠኑ በመሣሪያው መመሪያ ላይ ይጻፋል። አንድ ለ25 ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ለ50 ከሆነ 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል። ዘይት ያልተቀላቀለበት ቤንዚን ሞተሩን በአጭር ጊዜ ያነቅፈዋል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይትም ምትክ አይሆንም።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ጭስ ስለሌላቸውና ድምፃቸው ስለሚቀንስ ዙሪያው ለተዘጋ ግቢ የተመቹ ይመስላሉ። አነስተኞቹ ግን ለአንጎላሬና ለቱቦላሬ ቋሚ የሚሆን ጠባብ ጉድጓድ ከማውጣት አያልፉም፤ መብራት ሲጠፋም ይቆማሉ። የማስረዘሚያ ገመዱ ርጥብ መሬት ላይ መጎተት የለበትም። ትንንሽ ኤክስካቫተሮችን በተመለከተ ደግሞ ጠባብ የሚባሉት እንኳ ወደ አንድ ሜትር ወርድና አንድ ቶን ገደማ ክብደት ስላላቸው፣ ለአጥር ምሰሶ ብሎ መከራየት ለመኖሪያ ግቢ አያዋጣም። ባልዲያቸው የሚቆፍረውም ቦይ እንጂ ክብ ጉድጓድ አይደለም።

መግዛት ወይስ መከራየት?

ዋጋ ከገበያ ገበያ ስለሚለያይ ስሌቱን በራስ ቁጥር መሥራት ይበጃል። የመሣሪያው ዋጋ የአንድ ጉድጓድ የእጅ ቁፋሮ ክፍያ 200 እጥፍ ቢሆን፣ ነዳጁና የሠራተኛው ክፍያ ተደምሮ ሞተሩ የአንዱን ጉድጓድ ወጪ በግማሽ ቢቀንስ፣ ገዥው ገንዘቡን የሚመልሰው 400 ጉድጓድ ሲቆፍር ነው። አንድ የከተማ ግቢ 20 ወይም 30 ጉድጓድ ነው የሚኖረው። አርሶ አደሩም ቢሆን ጓሮውንና በረቱን አጥሮ እዚያ ቁጥር አይደርስም። ስለሆነም ለአንድ ቤተሰብ የእጅ መሰርሰሪያ ወይም ባለ ሁለት አካፋው መቆፈሪያ ሲያዋጣ፣ ሞተሩ የሚያዋጣው በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች፣ ለአጥር ሠሪዎችና ችግኝ በብዛት ለሚተክሉ ነው። ጎረቤታሞች በአንድ ሰሞን ሥራቸውን አቀናጅተው ለአንድ ቀን ቢከራዩ ደግሞ ሁሉም ይጠቀማሉ፤ የወሰን ምሰሶ ላይ የሚነሣው ንትርክም ሁለቱም ወገን ባለበት ይፈታል።

ስለት መሬት ከመንካቱ በፊት

በከተማ ግቢዎች የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ብዙ ጊዜ ጠለቅ ብሎ አይቀበርም፤ አንዳንድ ቦታ በግማሽ ሜትር ውስጥ ይገኛል። የተቀበረ የኤሌክትሪክ ገመድ ካለ አደጋው የከፋ ነው። ቧንቧው ከቆጣሪው ተነሥቶ በየት እንደሚያልፍ የቀድሞውን ባለቤት ወይም የዘረጋውን ባለሙያ መጠየቅ፣ ካልታወቀ የአካባቢውን የውኃና የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማማከር፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ሜትርም በእጅ እየጠነቀቁ መቆፈር ይገባል። ለዚህ ጥንቃቄ ሲባል ከተሸፈነ የመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ ሞተር አይነሣም። ከጎረቤት ግንብ መሠረት ሥርም ጠልቆ መቆፈር አይገባም። ለአጥር ሥራ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ከከተማው አስተዳደር ወይም ከቀበሌው አስቀድሞ ማጣራት ተሠርቶ ከመፍረስ ያድናል።

በሥራው ጊዜ ነጠላ፣ ሻርፕና የተንጠለጠለ ልብስ ከሚዞር ዘንግ መራቅ አለበት። ጠንካራ ጫማና የዐይን መነጽር ይደረግ። ሞተሩ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ከፍ እየተደረገ አፈሩ ይራገፍ፤ በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው የተጫነ ስለት በሸክላማ አፈር ውስጥ እንደ ብሎን ይቀበራል። ከተቀበረም በጉልበት አይጎተትም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የካንዴላው ገመድ ተነቅሎ፣ ዘንጉ በቧንቧ መፍቻ ወደ ኋላ እየዞረ ይወጣል።

በአንድ ቀን ተቆፍረው ምሰሶ ያልቆመባቸው ጉድጓዶች ለሕፃናት፣ ለጥጃና ለበግ ወጥመድ ናቸው። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት የከብት እግር ለመስበር ይበቃል። ስለዚህ እስከ ማግስቱ የሚያድሩት ሰው ወይም ከብት ቢረግጣቸው በማይሰበር ጣውላና ድንጋይ ይከደናሉ።